ስለ «ክፍል ሁለት» ፊልሞችና ስለ ተመልካች ክብር

«ፊልም ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ በጊዜ ማሳለፊያ ምን ያሟግታል?» የሚል አነጋገር በካምፑም በከተማውም ደጋግመን ሰምተናል። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። በአሊ አዴና በሆልሆል ፀሐይ ጀሪካን ይዘው ወረፋ ሲጠብቁ የዋሉ፣ ወይም እዚህ ካርቲየ 1 ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ጆንያ ሲሸከሙና ዕቃ ሲያጥቡ የዋሉ ወገኖቻችን ናቸው። ሲመሽ ለሁለት ሰዓት የሚያስቃቸው ነገር ቢፈልጉ ማን ይፈርድባቸዋል? እኛም አንፈርድም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ስደተኛ ከሁሉ ነገር ተራቁቶ ጊዜ ብቻ ሞልቶታል ይባላል። እንግዲህ ጊዜው የተትረፈረፈ ሰው ያ ጊዜው ቢባክንበት አልተበደለም ማለት ነውን? ሊያስቀው ቃል ገብቶ የናቀውን ሰው «ናቅኸኝ» ለማለት መብት አለውን? ወይስ ያ መብት ከሌላው ንብረቱ ጋር ድንበር ላይ ቀርቷል?

ጥያቄው በምሳሌ ካልታየ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለሆነም በካርቲየ 1 ሻይ ቤቶች ቴሌቪዥንና ከእጅ ወደ እጅ በሚዞረው ፍላሽ ካየናቸው የሆሊውድ ፊልሞች ጥቂቶቹን እናነሣለን። ብዙዎቹ ከፍ ያለ ገንዘብ የፈሰሰባቸው፣ ቀደም ሲል የተወደደውን ፊልም ስም ይዘው «ተከታይ» ወይም «እንደገና የተሠራ» እየተባሉ የመጡ ናቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ የሳቁን እንውሰድ። በ1988 የወጣውን «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» ከአንባቢያን ብዙዎቹ ያውቁታል። ዛሙንዳ የምትባል፣ በካርታ ላይ የሌለች የአፍሪካ መንግሥት አልጋ ወራሽ አኪም የተመረጠችለትን ሙሽራ አልፈልግም ብሎ ኒውዮርክ ይሄዳል፤ ኩዊንስ በሚባለው ሠፈርም ማዕረጉን ደብቆ በአንድ ምግብ ቤት ወለል ወልዋይ ሆኖ ይቀጠራል። ዛሙንዳ እውነተኛ አፍሪካ አለመሆኗን ለማወቅ ምሁር መሆን አያሻም፤ ዝሆን እንደ ፍየል በቤተ መንግሥቱ ግቢ የሚዘዋወርባት አገር ናት። ቢሆንም ፊልሙ በመካከሉ አንድ እውነት ይዞ ነበር። መወልወያ የያዘው ሰው አሠሪው ከሚያየው በላይ የሆነ ሰው ነው። ይህን ምሥጢር በስደት የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ትናንት ጠመኔ የያዘ፣ ትናንት ችሎት ያስቻለ፣ ትናንት አምስት ጥማድ በሬ የነበረው ሰው ዛሬ የሰው ብርጭቆ እያጠበ «እኔ እኮ...» ብሎ የሚጀምረውንና ሳይጨርስ የሚተወውን ዓረፍተ ነገር ያ ፊልም በሳቅ ጨርሶልን ነበር።

ክፍል ሁለቱ በ2021፣ ማለትም ከ33 ዓመት በኋላ መጣ። ኮሮና ሲኒማ ቤቶችን ዘግቶ ስለነበር በአማዞን በኩል ታየ፤ የተሸጠበትም ዋጋ 125 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሆነ በጊዜው ተዘግቧል። አኪም አሁን ሊነግሥ ነው፤ ኩዊንስ ውስጥ የማያውቀው ወንድ ልጅ እንዳለው ይነገረውና ሊያመጣው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የምናየው የድሮውን ነው። ያው ፀጉር አስተካካዮች፣ ያው ዘፋኝ፣ ያው ቀልድ፤ አልፎ አልፎም ከመጀመሪያው ፊልም ተቆርጦ የተቀጠለ ትዕይንት፣ በኮምፒዩተር ወጣት የተደረገ ፊት። ንጉሡ ሴቶች ልጆች አሉት፤ ትልቋ ለዙፋን ብትበቃም ሕጉ ሴት አያነግሥም። ይህ ቁም ነገር ነበር። ፊልሙ ግን እስከ መጨረሻው ገሸሽ ሲያደርገው ቆይቶ በጥድፊያ ሕጉን ይለውጥና ይገላገለዋል።

እኛ የጠበቅነው ጥያቄ ሌላ ነው። ወለል የወለወለ ሰው ሲነግሥ ወለል ወልዋዮቹን በምን ዓይን ያያል? በ33 ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀ ጸሐፊ አልተገኘም። ፊልሙ እኛን የሚጠይቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ታስታውሳላችሁ?» ይለናል። አዎን፣ እናስታውሳለን። የሳቅነውም በገዛ ትዝታችን ነው። ነገሩ እንግዶቹን ለግብር ጠርቶ፣ ከየቤታቸው ያመጡትን ስንቅ ሰብስቦ፣ መልሶ ለእነርሱው የሚያቀርብ ጌታን ይመስላል።

በነገራችን ላይ፣ አርት ቡክዋልድ የተባለ ስመ ጥር የአሜሪካ ጋዜጣ ጸሐፊ የመጀመሪያው ፊልም ሐሳብ ከእኔ የተወሰደ ነው ብሎ የፊልሙን ኩባንያ ከሶ በ1990 ፍርድ ቤት ፈርዶለታል። ከትርፉ ድርሻዬን ስጡኝ ሲል ግን፣ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ያስገባው ፊልም በሒሳብ መዝገቡ ላይ የተጣራ ትርፍ እንደሌለው ተነገረው። ከሁለቱም ፊልሞች ይልቅ ያሳቀን ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ታዲያ መድገም ነውር ነው?» ቢለን መልሳችን «የለም» ነው። አያቶቻችን አንዱን ተረት መቶ ሌሊት ነግረውናል፤ መቶ ሌሊትም አድምጠናል። ዜማ ቤት የገባ ተማሪ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ አንዲት ምልክት ሳይስት እስኪወጣው ድረስ ይደጋግማል። ቁርኣን በቃሉ የያዘ ሐፊዝም አንድ ሐረፍ ሳይጨምር ሳያጎድል ይደግማል። ይህ በታማኝነት መድገም ነው፤ ክብሩም በመጠበቁ ላይ ነው። ቅኔ ቤት ስንሄድ ደግሞ ሕጉ ይገለበጣል። ልኩ የታወቀ ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ነው፤ ከዚያ መውጣት የለም። ቃሉና ምሥጢሩ ግን የዛሬ መሆን አለበት። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ የሚያቀርብ ወይም የጓደኛውን ቅኔ የሚዘርፍ ተማሪ በጉባኤው ፊት ያፍራል። እንግዲህ አንድን ሥራ ሁለተኛ ጊዜ ለማምጣት ሁለት የተከበሩ መንገዶች አሉን ማለት ነው፤ እንደ ዜማ መጠበቅ፣ ወይም በአሮጌው ልክ እንደ ቅኔ አዲስ መቀኘት። የምንወቅሳቸው ፊልሞች የዜማውን ታማኝነት ጥለዋል፤ የቅኔውንም ድካም ሸሽተዋል። የያዙት ስሙን ብቻ ነው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን ስለ ክለሳ የተማርነውም ከዚህ አይርቅም። የትናንቱን ትምህርት ስትከልሱ፣ ተማሪው ትናንት ያልነበረውን ነገር ይዞ እንደመጣ አትርሱ ይሉን ነበር። ሌሊቱን አስቦበታል፤ ረስቶታል፤ ወይም በተሳሳተ መንገድ ተረድቶታል። ይህን ሳያይ የትናንቱን ማስታወሻ እንዳለ የሚያነብ መምህር ከለሰ አይባልም። ተመልካችም እንደዚሁ ነው። በ1988 ያየ ልጅ በ2021 የልጆች አባት ሆኗል፤ በመካከሉ ምናልባት አገር ለቋል።

ስለ መድገም ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? ስደተኛ ታሪኩን አንድ ጊዜ ተናግሮ አያርፍም። የመጀመሪያ ቀን የተናገረው ይጻፋል። ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ እንደገና ይጠራና «ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረን» ይባላል። ሁለተኛው አነጋገሩ ከፊተኛው ጎን ተቀምጦ ይመዘናል። ከቤት የወጣበት ቀን፣ በመንገድ ያደረባቸው ሌሊቶች ብዛት፣ የሞተው ወንድሙ ዕድሜ ይነጻጸራል። ቢጨምር «ይህን ያኔ አልተናገርክም» ይሉታል፤ ቢያጎድል «ይህን ያኔ ብለህ ነበር» ይሉታል። ባይጨምር ባያጎድል ደግሞ «በቃል የተጠና ይመስላል» ሊባል ይችላል። ለእያንዳንዷ የክፍል ሁለት ዓረፍተ ነገር ተጠያቂ ሆነን የምንኖር ሰዎች ነን። መቶ ሚሊዮን ዶላር ይዞ የሚተርከውን ሰው ግን ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ «ትናንት እንዲህ አላልክም ነበር» የሚለው የለም። ከዚህ አንጻር ስናየው በፊልም ላይ ሂስ መስጠት ለእኛ ቅንጦት አይደለም፤ የምናውቀው ሙያ ነው።

አሁን ወደ ሳይንሳዊ ልብ ወለዶቹ እንሻገር። ከሁሉ ይልቅ የምንወደው በ1951 ሮበርት ዋይዝ ያዘጋጀው ፊልም ነው፤ ስሙን በአማርኛ «ምድር ቀጥ ያለችበት ቀን» ብንለው ያስኬዳል። ክላቱ የተባለ ከሌላ ዓለም የመጣ እንግዳ በዋሽንግተን ከተማ ያርፋል። ከመርከቡ ወርዶ ለሰው ልጆች ያመጣውን ስጦታ ከጉያው ሲያወጣ አንድ የፈራ ወታደር ይተኩስበታል። ሆስፒታል አስገብተው በር ይቆልፉበታል። እርሱ ግን አምልጦ፣ የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ፣ በልብሱ ላይ የተገኘውን ስም ስሙ አድርጎ፣ በአንድ መኝታ ቤት ክፍል ይከራያል። ወረቀት የለውም፤ ዘመድ የለውም፤ ስሙም የእርሱ አይደለም።

በማግሥቱ ከተከራዮቹ ጋር ለቁርስ ይቀርባል። ተከራዮቹ ሬዲዮ እያዳመጡ ስለዚያ ስላመለጠው ባዕድ ያወራሉ። አንዷ ሴትዮ እንዲያውም ከሰማይ የመጣ አይደለም፣ ከዚሁ ከምድር ከጠላት አገር የመጣ ነው ትላለች። ባዕዱ ከአጠገባቸው ተቀምጦ ይበላል። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ትንሽ ፈገግታ አለ፤ ትንሽ ድካምም አለ። ያን ገበታ የማያውቅ ማን አለ? በአውቶቡስ ውስጥ፣ በገበያ፣ በሥራ ቦታ፣ ሰዎች ቋንቋውን አያውቁም ብለው ስለእኛ በፊታችን ሲነጋገሩ፣ እኛም ጉርሻችንን ስናላምጥ። በኋላ ክላቱ ከአንድ አባቱን ጦርነት ከበላበት ሕፃን ጋር ይወዳጃል፤ ልጁም የአባቱን መቃብር ያሳየዋል። የሰማዩ ሰው የምድርን ሰዎች የሚያውቀው አብሯቸው በመኖር ነው። መጨረሻ ላይ የሚናገረው ማስጠንቀቂያ ከባድ የሆነውም ስለዚህ ነው፤ ቁርሳቸውን የበላ ሰው ነው የሚናገረው።

በ2008 ይኸው ፊልም በ80 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደገና ተሠራ። ክላቱን የተጫወተው ኪያኑ ሪቭስ ነው። የአቶም ጦር መሣሪያው ስጋት ቀርቶ የሰው ልጅ በምድር ተፈጥሮ ላይ የሚያደርሰው ጥፋት ተተክቷል። ይህን አንነቅፍም፤ ዘመኑ የሚጠይቀው ነው፣ ቅኔ ነው። የምንነቅፈው ሌላውን ነው። ያ የተከራዮች ቤት የለም፤ ያ ቁርስ የለም። በፈንታቸው ከመኪና ወደ መኪና መሯሯጥ፣ የብረት ተባዮች ያገኙትን ሁሉ ሲበሉ ማየት ሆነ። ባዕዱ ሰዎችን ለማጥፋት ወስኖ ይመጣል፤ ኋላ ሐሳቡን ይለውጣል። ለምን እንደለወጠ ግን አናይም፤ ተነገረን እንጂ አብሯቸው ሲኖር አላሳዩንም።

ሆኖም በዚያው ፊልም ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። ክላቱ በአንድ ተራ ምግብ ቤት ከአንድ ሽማግሌ ቻይናዊ ጋር ይገናኛል። ሽማግሌውም ከክላቱ ዓለም ተልኮ የመጣ ነው፤ በምድር ላይ 70 ዓመት ኖሯል። የሰው ልጅ አይመለስም፣ አጥፊ ነው ብሎ ሪፖርቱን ያቀርባል። «እንግዲያው ልመልስህ» ሲባል ግን አልሄድም ይላል። አጥፊ መሆናቸውን እያወቀ ወዷቸዋል፤ እዚሁ ከእነርሱ ጋር ይሞታል። ይህን ስናይ ሻይ ቤቱ ውስጥ ጫጫታ ቆመ። ሰው በተሰደደበት አገር፣ የማይመች አገር መሆኑን እያወቀ፣ እንዴት እንደሚወድ የሚናገር ትዕይንት ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ አለፈ። አዘጋጆቹ 80 ሚሊዮን ዶላር ሲቆጥሩ በእጃቸው የነበረውን ዕንቁ አላዩትም። የሚያበሳጨንም ይህ ነው፤ የማይችሉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ባላዘንን።

ወደ ሠፈራችን እንቅረብ። ከዲኪል አልፎ በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ያለውን አቤ ሐይቅን ያየ ሰው አይረሳውም። አዋሽ ወንዛችን ባሕር ሳይደርስ የሚያልቅበት ነው። ከመሬት ተነሥተው የቆሙት የድንጋይ ማማዎች፣ ከሥራቸው የሚተነው እንፋሎት፣ ሰው የሌለው ነጭ ሜዳ፤ ምድር ሳትጨርስ የቆመች ትመስላለች። እዚህ ጅቡቲ ውስጥ ብዙ ሰው «የ1968ቱ ‹የዝንጀሮዎች ፕላኔት› የተቀረጸው እዚያ ነው» ይላችኋል። ቱሪስት የሚመሩትም ይህንኑ ይደግማሉ። እውነቱ ግን የበረሃው ትዕይንት የተቀረጸው በአሜሪካ በአሪዞናና በዩታ፣ መጨረሻውም በካሊፎርኒያ ባሕር ዳር መሆኑ ነው። ወሬውን ለማጥፋት አንቸኩልም። ማንም ያልቀረጸው ቦታ ለታሪክ እንደሚበቃ የሚያውቁ ሰዎች የፈጠሩት ወሬ ነው።

የዚህ ፊልም መነሻ ፒየር ቡል የተባለ ፈረንሳዊ በ1963 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ቡል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኢንዶቺን ተይዞ የጉልበት ሥራ የተፈረደበትና ኋላ ያመለጠ ሰው ነበር። አለቃና እስረኛ ቦታ ሲለዋወጡ ምን እንደሚሆን ከመጽሐፍ አላነበበውም። በፊልሙ መጨረሻ መንገደኛው ከምድር እጅግ የራቀ መስሎት በባሕር ዳር ሲጋልብ የነፃነት ሐውልት ከአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ያገኛል። ለካ አገሩ ነው፤ ለካ አገሩን ያጠፋው የገዛ ወገኑ ነው። በጉልበቱ ይንበረከካል። ከአገሩ ወጥቶ የሠፈሩን ፎቶግራፍ በስልክ ሲላክለት ቤቱን መለየት ላቃተው ሰው ያንን ትዕይንት ማስረዳት አያስፈልግም።

በ2001 ቲም በርተን በ100 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደገና ሠራው። የዝንጀሮዎቹ ፊት አሠራር ግሩም ነው፤ ይህን እንመሰክራለን። ስለ መጨረሻው ግን ምን እንበል? መንገደኛው ዋሽንግተን ይመለስና የሊንከን ሐውልት የዝንጀሮ ፊት ይዞ ያገኛል። እንዴት እንደሆነ ፊልሙ አይነግረንም፤ ያዩትም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የመጀመሪያው መጨረሻ ስላስደነገጠ ይህም ማስደንገጥ አለበት ተብሎ የተደረገ ነው፤ ድንጋጤው ምን ለማለት እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም። ልብ በሉ፣ ይህ ፊልም አልከሰረም፤ በዓለም ዙሪያ ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ስለዚህ ገበያ ዳኛ አይደለም። ከአሥር ዓመት በኋላ በ2011 ሌሎች ሰዎች ያንኑ ታሪክ ከሥሩ ጀመሩት። በሰው ቤት ያደገ፣ ኋላ ለእንስሳት መያዣ ግቢ የተሰጠ ዝንጀሮ ዱላ ሊያሳርፍበት በመጣው ጠባቂ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ ይናገራል። የተናገረው አንድ ቃል ነው፤ «እምቢ» ነው። አሮጌው ልክ ተጠብቆ ቅኔው አዲስ ሆነ።

ገንዘብን ካነሣን አይቀር፣ «ኢቫን ኦልማይቲ»ን ሳንጠቅስ አናልፍም። በ2003 ብዙ ሰው ያሳቀው የ«ብሩስ ኦልማይቲ» ተከታይ ሆኖ በ2007 ሲወጣ 175 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ እስከዚያ ከተሠሩት አስቂኝ ፊልሞች ሁሉ ውዱ ተብሎለታል። አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከሽርፍራፊ ስለሚመነዘር፣ በዚህ አገር ገንዘብ 31 ቢሊዮን ፍራንክ መሆኑ ነው። ታሪኩ እግዚአብሔር አንድን የአሜሪካ ምክር ቤት አባል መርከብ ሥራ ስለማዘዙ ነው። ኖኅን የማያውቅ አንባቢ የለንም፤ በመጽሐፍ ቅዱስም በቁርኣንም አለ። የኖኅ ታሪክ የሚያስፈራው በእንስሳቱ ብዛት አይደለም። ጎረቤት እየሳቀበት ለመሄድ የሚዘጋጅ ሰው ነው የሚያስፈራው። «ምን አስፈራህ? ምንም አይመጣም» እየተባለ ማታ ማታ ዕቃውን የሸከፈ ሰው በመካከላችን ብዙ ነው፤ የሳቁበትም ጎረቤቶቹ ዛሬ የት እንዳሉ ያውቃል። ፊልሙ ይህን ሁሉ ትቶ ገንዘቡን በጥንድ በጥንድ በሚሰለፉ እንስሳትና በጢም ቀልድ ላይ አፈሰሰው። የጥፋት ውኃ የተባለውም መጨረሻ ላይ በደንብ ያልተሠራ ግድብ ሲፈርስ የሚመጣ ጎርፍ ሆኖ ቀረ። ያስገባው ገንዘብ ከወጪው እምብዛም አልራቀም፤ የሲኒማ ቤቶች ድርሻ ሲነሣለት ኪሳራ ነው።

እንስሳት መድረክ ላይ ሲወጡ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ከመቶ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ታይቷል። ሩስያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ተውኔት የሚባለውን ሥራ ሲያዘጋጁ ታሪኮቹን አልፈጠሯቸውም፤ ከፈረንሳዊው ላፎንቴን ተረቶች ወሰዷቸው እንጂ። እንደገና የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን በአውሬዎቹ አፍ የአገሩን አስተዳደር ብልሹነት አናገሩበት። የንግሥት ዘውዲቱ ቤተ መንግሥት ነገሩ ስለገባው ተውኔቱን ከለከለ፤ ቲያትር ራሱ ለዓመታት ተቋረጠ። ጸሐፊው ኋላ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰደው ማዳጋስካር ውስጥ ረጅም ዘመን ኖረዋል። 31 ቢሊዮን ፍራንክ የወጣባቸው እንስሳት ማንንም አላስደነገጡም፤ የእርሳቸው አውሬዎች መንግሥት አስደነገጡ።

ካምፕን በሚመለከት ደግሞ በ2009 የወጣው «ዲስትሪክት 9» አለ። ወጪው 30 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው፤ ለሆሊውድ የኪስ ገንዘብ ነው። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን መርከባቸው ተበላሽቶ ጆሃንስበርግ ላይ ይቀራሉ፤ በአጥር ከበው ካምፕ ይሠሩላቸዋል፤ ከዓመታት በኋላም ወደ ሌላ ካምፕ ትዛወራላችሁ እየተባሉ በየጎጆው በር የማዛወሪያ ወረቀት ያስፈርሟቸዋል። ወረቀቱን ማንበብ የማይችለውም ይፈርማል። ስለ ናይጄሪያውያን ያለው አሣሣል ክፉ ነው፤ የናይጄሪያ መንግሥት በጊዜው ተቃውሞታል፤ በትክክልም ነው እንላለን። ይሁን እንጂ ያንን የበር ላይ ፊርማ የጻፈ ሰው ካምፕ ምን እንደሆነ ጠይቋል፤ አንዳች ነገር ለማወቅ ደክሟል።

የምንለየውም ይህን ነው፤ መውደቅ ሌላ፣ መናቅ ሌላ። ደክሞ የወደቀን አንወቅስም። እንዲያውም በችኮላ ከመፍረድ መጠንቀቅ ያሻል። ጆን ካርፐንተር በ1982 እንደገና የሠራው «ዘ ቲንግ» በወጣበት ጊዜ ሐያስያን አብጠልጥለውት ነበር፤ ዛሬ ከምርጦቹ ይቆጠራል። በበረዶ ምድር ባለ አንድ ካምፕ ውስጥ አውሬው የእያንዳንዱን ሰው መልክ እየያዘ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አያምንም። ባልንጀራው ጆሮ ጠቢ እንዳይሆን እየፈራ ሻይ የጠጣ ሰው ይህን ፊልም ከሐያስያኑ ቀድሞ በተረዳው ነበር።

የደከመ ሰው ቂላቂል ሳቅ የመሳቅ መብት የለውም ወይ የሚሉን አሉ። አለው። እኛም የአህያ ርግጫ አይተን እንስቃለን። ነገር ግን ለደከመ ሰው የተበላሸ ምግብ አይቀርብም፤ ተርቧል ተብሎ። «ፊልሙን ለእናንተ አልሠሩትም» የሚሉም አሉ። ይህም እውነት ነው፤ ካርቲየ 1ን አያውቋትም። ዳሩ ግን የእኛ ሁለት ሰዓት እንደማንም ሰው ሁለት ሰዓት 120 ደቂቃ ነው፤ የሄደው ሁለት ሰዓት ለእኛም አልተመለሰልንም።

በዚህ ረገድ የአማርኛ ተርጓሚዎቻችንን ሳናመሰግን ብናልፍ ግፍ ይሆናል። በፊልሙ ላይ ድምፃቸውን ጭነው የሚተርኩልንን ማለታችን ነው። ፊልሙ ሲደክም እነርሱ ይበረታሉ፤ ያልተባለውን ይሉታል፤ ተዋናዩን ይተርቡታል፤ የኩዊንስን ሰው የመርካቶ ደላላ ያደርጉታል። ከአንዳንድ ፊልም ውስጥ ለመሳቅ የበቃነው በእነርሱ ነው። ታማኝ ትርጉም አይደለም የሚላቸው ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ግን የሞተውን ዜማ በቅኔ ያስነሡታል።

ለሚቀጥለው የካምፑ ፊልም ምሽት የ1951ዱን «ምድር ቀጥ ያለችበት ቀን» በፍላሽ እንልካለን። ጥቁርና ነጭ ነው፤ 92 ደቂቃ ይፈጃል፤ ባትሪው አስቀድሞ ይሞላ። የአማርኛ ድምፅ ስለሌለው እንግሊዝኛ ከሚችሉት አንዱ ቆሞ ቢተረጉም መልካም ነው። የቁርሱ ገበታ ላይ ሲደርስ ግን ተርጓሚው ጥቂት ዝም ቢል እንወዳለን፤ የሰውየውን ፊት ተመልከቱት።